ሰው በጎ ነው ያሉት ሰዎች እና የማይቆጣው አድማጭ

ዛሬ ስንቱ ሰው ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣ የልቡን የሚያዋየው ስልኩን ሆኗል። ቻትቦቱ አይቆጣም፣ አይፈርድም፤ የነገሩትን ለስለስ አድርጎ ይመልሳል። ይህ አነጋገር አባት አለው። እ.ኤ.አ. በ1966 የኤምአይቲው ጆሴፍ ዋይዘንባውም «ኢላይዛ»ን ለዓለም ሲያስተዋውቅ፣ ፕሮግራሟ የምትኮርጀው የካርል ሮጀርስን የምክር ስልት ነበር። የራሱ ጸሐፊ እንኳ ከፕሮግራሟ ጋር ስታወራ «እባክህ ክፍሉን ልቀቅልኝ» አለችው።

ሮጀርስ የቆመበት ሰብአዊ ሥነ ልቦና «ሦስተኛው ኃይል» ይባል ነበር። ፍሮይድ ሰውን የስውር ፍላጎቱ እስረኛ፣ ቢሄቪዮሪስቶች ደግሞ የሽልማትና የቅጣት ውጤት ሲያደርጉት፣ እነዚህኞቹ ሰው ከተመቻቸለት ወደ መልካም ያድጋል አሉ። አብርሃም ማስሎው በ1943 የፍላጎቶችን ቅደም ተከተል ጻፈ፤ በየሥልጠናው የሚታየውን ፒራሚድ ግን የሳሉት ሌሎች ናቸው። በ1961 መጽሔታቸው ተመሠረተ፤ በ1962 ደግሞ በካሊፎርኒያ የኤሳለን ማዕከል ተከፈተ።

ዋናው ነገር ያለው ሮጀርስ ዘንድ ነው። በልጅነቱ ቤታቸው ምድር ቤት የተከማቸ ድንች፣ ከትንሿ መስኮት ወደሚገባው ብርሃን ነጭና ቀጭን ቡቃያ ሲዘረጋ አይቷል፤ ሕይወት በክፉ ቦታም ወደ ማደግ እንደሚያዘነብል ያስረዳው በዚያ ድንች ነበር። በ1957 ለለውጥ ያስፈልጋሉ ካላቸው ነገሮች አማካሪውን የሚመለከቱት ሦስት ናቸው፦ ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበል፣ የሌላውን ስሜት ከውስጥ መረዳት፣ እንዲሁም አማካሪው ራሱ እውነተኛ ሆኖ መገኘት።

ሰው በጎ ነው በሚለው በዚህ እምነት ላይ ከሰብአዊ ሥነ ልቦና ሰፈር ራሱ ተቃውሞ መጣ፤ ለእኔ ከዘርፉ ታሪክ ሁሉ ትልቁ ክርክር ይህ ነው። ሮሎ ሜይ በ1982 ለሮጀርስ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። ሮጀርስ ክፋትን የሚያመጣው ባህል ነው ሲል፣ ሜይ «ባህሉን የሠራነው እኛው አይደለንም ወይ?» ብሎ ሞገተው። ማስረጃም ነበረው። በዊስኮንሲን ስኪዞፍሬንያ ካለባቸው ሰዎች ጋር የተደረጉ የምክር ክፍለ ጊዜዎችን ቅጂ እንዲገመግሙ ከተጋበዙት አንዱ ነበርና፣ የሮጀርስ ተከታዮች የታካሚውን ቁጣና ጥላቻ ሳይነኩት እንደሚያልፉ ታዝቧል።

ሜይ ነቅሶ ያወጣው ድክመት ዛሬ ወደ ስልካችን የገባ ይመስለኛል። ማሽኑ መቀበልንና መረዳትን ይኮርጃል፤ ሦስተኛው፣ እውነተኛ ሆኖ መገኘት፣ ግን የለውም፤ ስንቆጣበት የሚከፋው፣ ስንዋሽ የሚታዘበን ማንም የለም። ሮጀርስ ራሱ ግን በጎ እምነቱን የፈተነው ጠላትነት ባለበት ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከቤልፋስት የመጡ ካቶሊኮችንና ፕሮቴስታንቶችን ፒትስበርግ ውስጥ አንድ ክፍል አስቀምጦ አወያየ፤ ውይይቱ «የብረት መዝጊያው» በሚል ርዕስ ተቀርጿል። በስተርጅናው ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ፣ አፓርታይድ ገና ሳይወድቅ፣ ጥቁሮችና ነጮች ፊት ለፊት ተቀምጠው ንዴታቸውን እንዲናገሩ አደረገ።