ፍሪጁ ሲያረጅ ግብሩ እንዴት ይቀንሳል?

ቢቸና ላይ ምግብ ቤት፣ ወይም ሞጣ ላይ ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ አለዎት እንበል። ጠዋት በሩን ሲከፍቱ የሚያገኙት ያው የለመዱትን ነው፤ ፍሪጁን፣ መደርደሪያውን፣ የቡና ማሽኑን፣ ሚዛኑን። አብረዋቸው ስለሚውሉ አያስተውሉትም እንጂ ሁሉም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያለቁ ነው።

ይህ ማለቅ ራሱ ወጪ ነው። የዘይት ወጪ ዘይቱ በተሸጠበት ዓመት ያልቃል። ፍሪጅ ግን ለዓመታት ስለሚያገለግል ወጪውም ለዓመታት ይከፋፈላል። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የሂሳብ መዝገብ የሚይዝ ነጋዴ ይህን ድርሻ በየዓመቱ ከትርፉ ላይ እንዲቀንስ ይፈቅዳል። ይህም የእርጅና ቅናሽ ይባላል።

ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው፦ ሕጉ ሁሉም ነገር እኩል ያረጃል አይልም። በደንብ ቁጥር 410/2009 መሠረት ከተገዛበት ዋጋ ላይ ኮምፒዩተር በዓመት 20 በመቶ፣ ፍሪጅን የመሳሰለው ዕቃ 15 በመቶ ይቀነስለታል። ሕንፃው፣ አጥሩና የመኪና ማቆሚያው ግን 5 በመቶ ብቻ። ስለዚህ የፍሪጁ ዋጋ ሰባት ዓመት ሳይሞላ ተቀንሶ ሲያልቅ፣ የቤቱ ሃያ ዓመት ይፈጃል። መሬት ስለማያረጅ ቅናሽ የለውም።

ለፍሪጁ ሁለተኛ መንገድም አለ፦ ከቀሪው ዋጋ ላይ በየዓመቱ 20 በመቶ መቀነስ። ልዩነቱን በእጅዎ ይሞክሩት። በሁለት ሳህን መቶ መቶ ፍሬ ሽምብራ ይቁጠሩ። ከአንደኛው በየዙሩ 15 ያንሱ። ከሁለተኛው ደግሞ በየዙሩ ከቀረው ላይ አንድ አምስተኛውን ያንሱ፤ መጀመሪያ 20፣ ቀጥሎ 16፣ ከዚያ 13 ገደማ። ሁለተኛው ሳህን ቶሎ ጎድሎ በኋላ ይዘገያል። በአራተኛው ዙር ላይ ከመጀመሪያው በጠቅላላ የተነሳው ይበልጣል።

አሁን ወደ ብር እንለውጠው። ፍሪጁ የተገዛው በ60,000 ብር ይሁን። በመጀመሪያው መንገድ በዓመት 9,000 ብር፣ በሁለተኛው ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት 12,000 ብር ይቀነሳል። የሚቀነሰው ከትርፉ እንጂ ከግብሩ ላይ አይደለም። ንግዱ 30 በመቶ ግብር የሚከፍል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነ፣ 12,000 ብር ቅናሽ ግብሩን በ3,600 ብር ያቀልለታል።

እንግዲህ እስክሪብቶና ወረቀት ይዘው ሱቅዎን አንዴ ይዙሩ። ወረቀቱን ለሁለት ይክፈሉት፤ በአንድ በኩል የሚንቀሳቀሰውን ዕቃ፣ በሌላው የቤቱ አካል የሆነውን ይጻፉ። የሚያጠራጥርዎትን፣ ለምሳሌ ግድግዳው ላይ የተበየደ መደርደሪያ፣ ምልክት አድርገውበት የገቢዎች ባለሙያ ይጠይቁ። የግል ነጋዴን ግብር የሚጥለውና የሚሰበስበው ክልሉ ስለሆነ፣ የእርስዎን የግብር መጠን ከወረዳው ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ማረጋገጥም ይገባል።

ሦስት ነገሮችን ያስታውሱ። ቅናሹ የሚቆጠረው ዕቃው ለሥራ ዝግጁ ከሆነበት ቀን ጀምሮ ነው፤ የግል ነጋዴ የግብር ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ፣ ግንቦት ላይ የገባ ፍሪጅ የሙሉ ዓመት ቅናሽ አያገኝም። ፍሪጁ ግማሹን ለቤት፣ ግማሹን ለንግድ የሚያገለግል ከሆነ የሚቀነሰው የንግዱ ድርሻ ብቻ ነው። ደረሰኝ የሌለው ወጪ ደግሞ ተቀባይነት የለውም።

ብዙ ነጋዴ የሚጎዳው በዚሁ በደረሰኝ ነው። ሱቁን ያደሰው ሰው ግድግዳውንም ፍሪጁንም ጨምሮ «የሱቅ ማደሻ 200,000 ብር» ብሎ በአንድ መስመር ከጻፈ፣ ፈጥኖ የሚያረጀው ዕቃ ከግድግዳው ጋር ተቀላቅሎ በ5 በመቶ ሊቆጠር ይችላል። ስለዚህ ሂሳቡን ከመክፈልዎ በፊት «የዕቃውን ለብቻ፣ የግንባታውን ለብቻ ጻፍልኝ» ይበሉት። ያቺ አንዲት ጥያቄ ለዓመታት ትከፍልዎታለች።