ተጨማሪ መረጃ፦ በስኳር የሚጠበቁ ጽጌያት

በደቡብ ፈረንሳይ የምትገኘው የቱሉዝ ከተማ ከ19ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ ስመ ጥር የሆነችበት፣ ቫዮሌት የተባለውን ሐምራዊ ጽጌ በስኳር አልብሶ የኬክና የልዩ ልዩ ጣፋጭ ጌጥ የማድረግ ጥበብ፣ ትዕግሥት ላለው ሰው በቤቱም የማይሳነው ነው። አበባው ማለዳ ጤዛው እንደ ደረቀ ተቀጥፎ ከትቢያና ከነፍሳት ከጠራ በኋላ፣ በጥቂቱ የተመታ የእንቁላል ነጭ በለስላሳ ብሩሽ ፊቱንም ጀርባውንም በስሱ ይቀባል፤ ወዲያው ደቃቅ ስኳር ተነስንሶበት ነፋስ በሚያገኘው ደረቅ ስፍራ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይሰነብታል። ስኳር በባሕርዩ ውሃን ወደ ራሱ ስለሚስብ ጽጌው ይደርቃል፤ ለብልሽት ምክንያት የሚሆኑት ረቂቃን ሕዋሳትም መራቢያ እርጥበት ያጣሉ። እንደ ዱቄት የላመው ስኳር ግን ረጥቦ ስለሚለጠፍ ኅብሩን ይሰውራልና ባይመረጥ ይሻላል።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባው ግን የአበባው ዓይነት ነው። ጽጌ ረዳና ቫዮሌት የሚበሉ ሲሆኑ፣ በየአጥሩ የሚያምረው ኦሊያንደርና በየሜዳው የሚበቅለው አስተናግር ብርቱ መርዝ አላቸው፤ ለሽያጭ የተዘጋጀ የአበባ እቅፍም የተባይ መድኃኒት የተረጨበት ሊሆን ስለሚችል፣ መልኩ ምንም ያህል ቢማርክ ወደ ማዕድ ሊቀርብ አይገባውም። ጥሬ እንቁላል ሳልሞኔላ የተባለውን ተሐዋሲ ሊያስተላልፍ ስለሚችል፣ ይልቁንም ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች በሚመገቡበት ቤት፣ በእርሱ ፈንታ ለምግብነት የተዘጋጀ የግራር ሙጫ በጽጌ ረዳ ውሃ አሟሙቶ መቀባት የቆየና የታመነ ልማድ ነው።