እኩል ማጠጣት እኩል መውደድ ነውን?



ባለቤቴ መጋቢ ስለሆነ አገልግሎት በጠራን ቁጥር ዕቃችንን ጠቅልለን ስንነሣ ኖረናል። በመጀመሪያ በጅማ መንገድ ሰበታ፣ ቀጥሎ በአምቦ መንገድ ቡራዩ ነበርን፤ አሁን ደግሞ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ ነን። ሦስቱም ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። በገባንበት የኪራይ ግቢ ሁሉ ሳልቪያና ሎሚ ተክያለሁ። አንዳንዶቹን የገደልኳቸውም እኔው ነኝ፤ ያውም ሁለቱን እኩል ስንከባከብ። እስቲ ላውጋችሁ፤ ለጓሮአችሁም ለትዳራችሁም ይጠቅም ይሆናል።

ተክሎቹን እንወቃቸው

ሳልቪያ ስል በብዙ ግቢ አጥር ሥር የምታዩትን፣ በረጅም ዘንግ ላይ እንደ ከፋይ የለሰለሰ ሐምራዊ አበባ የሚያወጣውን ተክል ማለቴ ነው። ንብ ይወደዋል። አገሩ ሜክሲኮ ነው፤ በእኛ ደጋ ዱር የሚበቅሉ ዘመዶችም አሉት። ናና፣ በሶብላ፣ ጦስኝና የጥብስ ቅጠል ቤተሰቦቹ ናቸው። ሎሚ ደግሞ ከብርቱካን፣ ከመንደሪንና ከትርንጎ ጋር አንድ ወገን ነው፤ ጤና አዳምም የሩቅ ዘመዱ ነው።

ሁለቱም ፀሐይ ይወዳሉ፤ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ማግኘት አለባቸው። ሁለቱም ውሃ የሚተኛበትን መሬት ይጠላሉ። ስምምነታቸው ግን እዚህ ላይ ያበቃል።

ሰበታ፦ የውሃው ነገር

ሰበታ ስንኖር ማታ ማታ አንድ ጄሪካን ውሃ ለሁለቱ እኩል አካፍል ነበር። ሳላዳላ በማጠጣቴ ደስ ይለኝ ነበር። ሎሚው ለመለመ። የሳልቪያው ቅጠል ግን ቢጫ ሆነና ጠወለገ። እኔም ውሃ የጠማው መስሎኝ ጨመርኩለት። በመጨረሻ ነቅዬ ሳየው ሥሩ በስብሷል።

ሳልቪያ አዘውትሮ ውሃ የሚፈልገው ሥር እስኪይዝ፣ በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ወራት ነው። ከዚያ በኋላ በበጋ አፈሩ በደንብ ሲደርቅ፣ በ10 ወይም በ15 ቀን አንዴ ማጠጣት ይበቃዋል። ፍግም ሲበዛበት ቅጠል ብቻ ሆኖ ይጋደማል፤ አበባው ይቀንሳል።

ሎሚ እንዲህ አይደለም። በተለይ ሲያብብና ፍሬው ገና እንጭጭ ሳለ ውሃ ከተጓደለበት ያረግፈዋል። ችግኝ ሳለ በበጋ በሳምንት 2 ጊዜ፣ ካደገ በኋላ በሳምንት አንዴ ውሃው ወደ ታች እስኪዘልቅ ድረስ አጠጡት። የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት በዓመት 2 ወይም 3 ጊዜ፣ ከግንዱ ራቅ አድርጋችሁ ስጡት። ሥሩ ከላይ ከላይ ስለሚሄድ ዙሪያውን በጥልቀት አትቆፍሩ።

ቡራዩ፦ የመቀሱ ነገር

ቡራዩ ሳለን ሳልቪያው አበባውን ሲጨርስ ከመሬት ሁለት ስንዝር ያህል አስቀርቼ ቆረጥኩት። ከሥሩ አዲስ ቡቃያ አውጥቶ እንደገና ግቢውን አሳመረው። ባለቤቴ ይህን አይቶ ተደነቀ። አንድ ቅዳሜ ከእህቶች ጸሎት ስመለስ ሎሚውንም በመጋዝ ዝቅ አድርጎ ቆርጦ ጠበቀኝ። «ላግዝሽ ብዬ ነው» አለኝ። እኔ ግን አለቀስኩ። ሁለት ቀን በቅጡ አልተነጋገርንም።

ከችግኝ ጣቢያ የምንገዛው የተዳቀለ ሎሚ በአንድ ግንድ ላይ ሁለት ተክል ነው። የታችኛው ለሥሩ ጥንካሬ፣ የላይኛው ለፍሬው የተመረጠ ነው። ባለቤቴ የቆረጠው ከመጋጠሚያው በታች ነበር። ስለዚህ ዛፉ ቢያቆጠቁጥም የበቀለው ሎሚያችን አልነበረም፤ የታችኛው እሾሃም ዓይነት ነበር።

ሳልቪያ ሳይቆረጥ ሲቀር እንጨት እንጨት ሆኖ ያረጃል። ሎሚ ደግሞ አብዝተው ሲቆርጡት ፍሬው ይዘገያል። ከሎሚ ላይ የሚነሣው የደረቀው፣ የታመመውና እርስ በርሱ የሚፋተገው ቅርንጫፍ፣ እንዲሁም ከመጋጠሚያው በታች የሚወጣው ቡቃያ ብቻ ነው።

ሱሉልታ፦ የውርጩ ነገር

ሰበታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ሲሆን ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። የሎሚና የብርቱካን ወገን ሙቀት ወዳድ ነው፤ ቅዝቃዜው ከ13 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲወርድ እድገቱ ይቆማል። ትልልቅ የብርቱካን እርሻዎች እንደ መርቲ ባሉ የአዋሽ ሸለቆ ሞቃት ስፍራዎች የለሙት በዚህ ምክንያት ነው።

ሱሉልታ በገባን በመጀመሪያው ኅዳር አንድ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ብሎ አደረ፤ ጠዋት ሣሩ ሁሉ ነጭ ነበር። ሁለቱም ተክሎቼ እሳት እንደ ለበለባቸው ጠቁረው አገኘኋቸው። ሳልቪያው ከሥሩ እንደገና አቆጠቆጠ። ሎሚው ግን አልተነሣም።

በእንዲህ ያለ ቦታ ከሎሚ ይልቅ ብርድ የሚችለውን መንደሪን መትከል ይሻላል። በበጋ ፀሐይ በሚያርፍበት በደቡብ በኩል፣ ከቤቱ ግድግዳ አጠገብ ይሁን፤ ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይመልስለታል። በውርጭ ወራት ማታ ጆንያ አልብሱት፤ ጠዋት ግለጡት። መሬታችሁ ጥቁር አፈር ከሆነ የክረምቱ ውሃ ሥሩ ላይ እንዳይተኛ አፈሩን ከምራችሁ ጉብታው ላይ ትከሉት።

በጓዳችንስ?

የዚያን ሎሚ ደረቅ ግንድ ስነቅል ስለ ትዳሬ ማሰብ ጀመርኩ። እኔ ሲደክመኝ የሚያሳርፈኝ ጨዋታ ነው። ባለቤቴ ቀኑን ሙሉ የሰው ጭንቀት ሲሰማ ውሎ ሲገባ፣ እኔ ደግሞ ከበር ተቀብዬ የቤቱን ጉዳይ ሁሉ አፈስስበት ነበር። እሱ የሚፈልገው ግማሽ ሰዓት ዝምታ ነበር። በአንጻሩ እኔ ሲከፋኝ እሱ ዝም ይለኛል። ለእሱ ማሳረፉ ነው፤ ለእኔ ግን ድርቅ ነበር። ሁለታችንም አልሰነፍንም። እያንዳንዳችን ለራሱ የሚስማማውን ለሌላው እየሰጠ ነበር።

አንድ ማታ «የሚያስፈልግህ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ከ17 ዓመት ትዳር በኋላ ይህን መጠየቄ አሳፈረኝ። እሱም መልሶ ጠየቀኝ። አሁን ሲገባ ሻይ አቀርብለትና እተወዋለሁ፤ ከእራት በኋላ ደግሞ ስልኩን ዘግቶ ያደምጠኛል።

በወንጌል ምሳሌ ውስጥ ያለው አትክልተኛ ላላፈራችው በለስ አንድ ዓመት ለምኖላታል፤ ምን እንደሚያደርግላትም ያውቅ ነበር። እናንተስ የትዳር ጓደኛችሁን በሚያስፈልገው ነው የምታጠጡት ወይስ በለመዳችሁት? ዛሬ ማታ ጠይቁ።

እኛ ዘንድ በደቡብ በኩል ካለው ግድግዳ ሥር አንድ መንደሪን ቆሟል። ገና አላፈራም። በኅዳር ማታ ጆንያውን የሚያለብሰው ባለቤቴ ነው፤ ከመቁረጡ በፊትም ይጠይቀኛል።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።