የሥራ ልምምድ ለማኅተም ነው ወይስ ለሙያ?

ከከፍተኛ ትምህርት ጋር የተያያዘ የሥራ ልምምድ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በደምቢያ ወባ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንን፥ የነርስና የአካባቢ ጤና ተማሪዎችን በአንድነት አቧድኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም በ1956 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ አገልግሎትን ደነገገ፤ ተማሪው አንድ ዓመት ሳያገለግል ዲግሪ አይቀበልም ነበር። አብዛኛው የዘመተው በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤት ለማስተማር ነው።

ሁለቱን የሚያመሳስላቸው ምንድን ነው? ተማሪው ተመልካች አልነበረም። አንዱን በሽተኛ፥ ሌላውን ክፍል ሙሉ ልጆች ይጠብቁት ነበር። ቢያጠፋ ጉዳቱ በሰው ላይ ይደርሳል። ሙያ የሚለመደውም እንዲህ ያለ ኃላፊነት በመሸከም ነው።

ዛሬም የምሕንድስና ተማሪ አንድ መንፈቅ በፋብሪካ ወይም በግንባታ ሥፍራ ይለማመዳል። ነገር ግን ብዙዎቻችን የምንጨነቀው ሪፖርቱ እንዲሞላና ማኅተሙ እንዲያርፍበት ብቻ ነው።

ምሳሌ ከወሎ እንውሰድ። ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የሚወጣው ፍሳሽ በትናንሽ ወንዞች አልፎ ቦርከና ይገባል። ቦርከናም በከሚሴ አጠገብ የጨፋን ሸለቆ አጠጥቶ ወደ አዋሽ ይወርዳል። በበጋ የኦሮሞና የአፋር አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን የሚያሰማሩት በዚሁ ረግረግ ነው። የቢራ ፋብሪካ ፍሳሽ ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ያሟጥጣል፤ የቆዳ ፋብሪካ ክሮም ግን ከቶ አይበሰብስም። ስንቱ በመንገድ ይቀራል? ስንቱስ ጨፋ ይደርሳል? በኮምቦልቻ የሚለማመድ የኬሚካል ምሕንድስና ተማሪ የመኪናዎቹን ስም ብቻ ገልብጦ ከሚመለስ፥ ከፋብሪካው በርና ከጨፋ ውሃ ቀድቶ ቢመረምር፥ ከብት ጠባቂውንም ቢጠይቅ፥ ያው መንፈቅ መሐንዲስ ያደርገዋል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፥ ከመሄዳችን በፊት የምንሠራው ሥራ ተለይቶ በጽሑፍ ይሰጠን። ሁለተኛ፥ መምህራችን ከሥራው ቦታ ድረስ መጥቶ ይየን። ሦስተኛ፥ ሪፖርታችን ከመደርደሪያ ከመግባቱ በፊት ለፋብሪካው መሐንዲስና ውሃውን ለሚጠጣው ሕዝብ ይነበብ። ማኅተሙ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።