ሼል፦ የዲስኩ ዐቃቤ

መጽሐፍ ለማየት በብቸና አካባቢ ወዳለው ዲማ ጊዮርጊስ ወይም ወደ ሞጣ ጊዮርጊስ የሚሄድ እንግዳ በገዛ ሥልጣኑ ወደ ዕቃ ቤቱ አይገባም፤ የሚሻውን ለቄሰ ገበዙ ይነግራል፣ እርሱም የጠያቂውን ማንነትና ፈቃድ መርምሮ ያወጣለታል፣ ወይም ምክንያቱን ነግሮ ይከለክለዋል። በኮምፒውተር ዘንድ ሼል የተባለው ፕሮግራም የተሾመበት አገልግሎት ይህንኑ ይመስላል፤ በሰውና በኮምፒውተሩ መካከል ቆሞ በፊደል የተጻፈውን ትእዛዝ ይቀበላል፣ ዲስክን ለማዘዝ የተሠራ ሲሆንም ዲስኩ በሚያውቀው ቍጥር ለውጦ ያደርሳል፣ ምላሹንም ለአዛዡ ያስረዳል። ስሙን ያወጣለት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ሉዊ ፑዛን ሲሆን፣ ዛሬ በብዙ ኮምፒውተር የሚሠራበትን ባሽ የተባለውን ሼል ብራያን ፎክስ በ1989 እ.ኤ.አ. አውጥቶታል።

ዲስክን የሚያዝ ትንሽ ሼል አሠራሩ ሲመረመር ረቂቅ አይደለም። ሼሉ ምልክት አሳይቶ ይጠብቃል፤ የተጻፈለትን መስመር በየቃሉ ይከፋፍላል፤ የፊተኛውን ቃል ስመ ትእዛዝ አድርጎ በሰንጠረዡ ይፈልጋል፤ ባገኘውም ጊዜ በስሙ አንጻር የተመዘገበውን ተግባር ይፈጽማል፣ ከዚያም ተመልሶ ይጠብቃል። አዲስ ትእዛዝ ለመጨመር የሚሻ ሰው በሰንጠረዡ ላይ ስሙን፣ መግለጫውንና ተግባሩን ይጽፋል እንጂ ነባሩን አካል አያፈርስም፤ የሼል ትልቁ ክብር በእኔ አስተያየት ይህ ነው።

ስካዚ በተባለው ሥርዓት የሚታዘዝ ዲስክ ቃል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቍጥር ብቻ ነው። 0 ሲደርሰው ዝግጁ መሆን አለመሆኑን ይመልሳል፤ በ16 መሠረት አቈጣጠር 12 ሲደርሰው ሠሪውንና ዓይነቱን ይናገራል፤ በዚያው አቈጣጠር 25 ሲደርሰው የመጠኑን ነገር ያስታውቃል። በዚህ በመጨረሻው ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ዲስኩ የሚሰጠው የክፍሎቹን ብዛት ሳይሆን ከ0 ጀምሮ የተቈጠረውን የመጨረሻውን ክፍል ቍጥር ነውና፣ የሼሉ ሠሪ 1 ደምሮ በአንዱ ክፍል ስፋት፣ ይኸውም ብዙ ጊዜ 512 ባይት በሆነው፣ ማባዛት ይገባዋል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ማጥፊያው ትእዛዝ ነው። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሡ፣ ያ ፊልም በብርሃንና በመነጽር ይነበብ ነበር፤ በዲስክ ላይ የተቀመጠ የብራና ሥዕል ግን ያለ ትእዛዝ አይነበብም፣ በአንድ የተሳሳተ ትእዛዝም ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ በጎ ሼል ከማጥፋቱ በፊት የዲስኩን መለያ ቍጥር አሳይቶ ያንኑ ቍጥር አዛዡ በእጁ እንዲጽፍ ያስገድዳል፤ ዲስኩም እምቢ ሲል ምክንያቱን ጠይቆ ሳይሸፍን ይናገራል።

የአማርኛ ስመ ትእዛዝ ማበጀትም ይቻላል፤ የግእዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ለፊደላት ቍጥር በሚሰጠው ሥርዓት፣ በዩኒኮድ 3.0፣ ገብቷልና። ነገር ግን በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት ይይዛል፤ የፋይል ስም በ255 ባይት በሚወሰንበት ሥርዓት 85 ፊደል ብቻ ይገባል፤ መስመሩን በባይት የሚቈርጥ ሼልም ፊደሉን ከመካከሉ ይሰብረዋል። እንግዲህ በብቸናና በሞጣ ኮምፒውተር የምትማሩ ወጣቶች ይህን ሥራ ጀምሩት፤ አስቀድማችሁ የሚያነቡትን ትእዛዞች ብቻ አብጁ፣ የሚያጠፋውን ግን ሌሎቹ ሁሉ ተፈትነው እስኪጸኑ ድረስ አትጨምሩ።