የጋዝ ቶርች ስንመርጥ፦ ቆረጣ ወይስ ብየዳ?

በቤታችን ጓሮ አነስተኛ የብረታ ብረት ሥራ ለመጀመር ስናስብ፣ ቶርች ከመግዛታችን በፊት ቆረጣንና ብየዳን ለይተን ማየት ይገባናል። በፊዚክስ ዓይን ሁለቱ የተለያዩ ክንውኖች ናቸውና።

ቆረጣ ማቅለጥ ሳይሆን ማቃጠል ነው። ነበልባሉ ብረቱን እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ካጋለው በኋላ፣ በቶርቹ መካከለኛ ቀዳዳ የሚወጣው ንጹሕ ኦክስጅን ብረቱን አቃጥሎ፣ የተፈጠረውን ኦክሳይድ ጠርጎ ያወጣዋል። ስለዚህ ለቆረጣ ፕሮፔን ከኦክስጅን ጋር ይበቃል። ብየዳ ግን ብረቱን በጠባብ ቦታ ማቅለጥን ይጠይቃል፤ ለዚህም 3100 ዲግሪ ገደማ የሚደርሰውና የቀለጠውን ብረት ከአየር ኦክስጅን የሚከላከለው የአሴቲሊን ነበልባል ተመራጭ ነው።

ይሁን እንጂ አሴቲሊን ከሲሊንደሩ ወጥቶ በቱቦ ሲተላለፍ ግፊቱ ከ1 ባር ካለፈ፣ ኦክስጅን ሳይኖር እንኳ ሊፈነዳ ይችላል። ከመዳብ ጋርም ፈንጂ ውህድ ስለሚፈጥር በመዳብ ቧንቧ አይተላለፍም። ለፕሮፔን የተሠራ የመቁረጫ አፍንጫም ለአሴቲሊን አያገለግልም።

እንግዲህ ገንዘብ ቢያጥረን ከቶርቹ መጠን እንቀንስ፤ እሳት ወደ ሲሊንደሩ እንዳይመለስ ከሚያግደው መሣሪያ ግን ፈጽሞ አንቆጥብ።