በጠባብ ክፈፍ ውስጥ ያለ ሰው፤ ስለ ቪዲዮ ጌም ሥዕለ ገጽ

እ.ኤ.አ. በ1994 ስኩዌር የተባለው የጃፓን ኩባንያ «ፋይናል ፋንታሲ 6» የተሰኘውን ቪዲዮ ጌም ለገበያ ባወጣ ጊዜ፣ በጨዋታው ዓለም ውስጥ የሚመላለሱት ገጸ ባሕርያት መላ አካላቸው፣ ከራስ ጠጕራቸው እስከ እግር ጥፍራቸው፣ የተሣለው ወርዱ 16፣ ቁመቱ 24 ነጥብ በሆነ እጅግ ጠባብ ስፍራ ውስጥ ነበር። በዚህ መጠን የተሣለ ሰው እጁን ሲያነሣና አንገቱን ሲደፋ ይታያል እንጂ፣ ዓይኑ ትዕቢትን ይናገር ወይስ ትሕትናን፣ ከንፈሩ ምሥጢር ይሰውር ወይስ ፍቅር ይግለጽ፣ ተመልካቹ ሊለየው አይችልም። ስለዚህ የጨዋታው ሠዓልያን፣ ተጫዋቹ የጓዶቹን ኃይልና ትጥቅ በሚመረምርበት ገጽ ላይ፣ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ በየጎኑ 40 ነጥብ የሆነ ሥዕለ ገጽ አኖሩለት፤ ዮሺታካ አማኖ የተባለው ስመ ጥር ሠዓሊ በረቂቅ መስመር ያፈለቃቸው መልኮችም በ1,600 ነጥቦች ውስጥ ተጠቃልለው፣ ነገር ግን ግርማቸውንና ጠባያቸውን ሳያጡ፣ በቴሌቪዥን መስኮት ላይ ታዩ።

ነጥብ ያልነው ባለሙያዎቹ ፒክስል የሚሉትን፣ በስክሪን ላይ የሚታየው ሥዕል ሁሉ የተገነባበትን ንዑስ የቀለም ቅንጣት ነው። ሮል ፕሌይንግ ጌም የሚባለው የጨዋታ ዓይነት ደግሞ፣ ተጫዋቹ የአንድን ገጸ ባሕርይ ኑሮ ተረክቦ፣ በእርሱ ስም እየተጓዘ፣ እየተነጋገረ፣ እየተዋጋና እየመረጠ ረጅም ታሪክ የሚፈጽምበት ነው። በእንዲህ ያለው ጨዋታ ንግግር ብዙ ስለ ሆነ፣ ከንግግሩ ጎን የተናጋሪውን ፊት ማሳየት ቀደም ብሎ የተለመደ ሥርዓት ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1990 የተጀመረው «ፋየር ኤምብለም» ወታደሮቹን ሁሉ በየፊታቸው ያስተዋውቅ ነበር፤ በካናዳ ባዮዌር የተባለው ኩባንያ ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው «ባልደርስ ጌት» ደግሞ እስከ ስድስት የሚደርሱ ተጓዦችን ፊት በስክሪኑ ጠርዝ ላይ በተርታ አቁሞ፣ ተጫዋቹ ጨዋታውን ከከፈተበት ሰዓት እስከሚዘጋበት ሰዓት ድረስ ከዓይኑ እንዳይርቁ አደረገ። ተጫዋቹ የራሱን ሥዕል ለማስገባት ቢፈልግም ተፈቅዶለት ነበር፤ ግን አንዱን መልክ ሁለት ጊዜ፣ አንደኛውን 110 በ170፣ ሁለተኛውን 38 በ60 ነጥብ አድርጎ ማሰናዳት ነበረበት።

ይህ ትእዛዝ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ቢሆንም የዚህ ጥበብ ዋና ምሥጢር በእርሱ ውስጥ ይገኛል። ብዙ ጀማሪዎች ሥዕሉን ከመጠኑ ለይተው ያያሉ፤ በመጀመሪያ እንደ ልባቸው ይሥላሉ፤ ማሳነሱን፣ መቍረጡንና ፋይሉን ማሰናዳቱን ግን ከሥነ ጥበብ ውጭ ያለ ተራ ድካም አድርገው ለመጨረሻ ያቆዩታል። ነገር ግን ልብስ ሰፊ ጨርቁን ከመቍረጡ በፊት የባለቤቱን ቁመት እንደሚለካ ሁሉ፣ የጨዋታ ሠዓሊም ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት የክፈፉን መጠን ማወቅ ይገባዋል፤ ምክንያቱም በ170 ነጥብ ቁመት ላይ ያማረው የጆሮ ጌጥ በ60 ነጥብ ላይ ትርጕም የሌለው ጉድፍ ይሆናል፤ በትልቁ ላይ በጥቂቱ የተጨፈነው ዓይንም በትንሹ ላይ ጨርሶ ይጠፋል። ክፈፉ ሲጠብ ሠዓሊው ከዚያ ሰው መልክ የትኛው ቢቀር ሰውየው ራሱን እንደማይሆን ለይቶ እንዲመርጥ ይገደዳል፤ ይህም ምርጫ የሥዕሉ ግማሽ ነው።

ነገሩን በተጨባጭ ለማየት ዛሬ ብዙ ጀማሪዎች የሚጠቀሙበትን «አር.ፒ.ጂ. ሜከር» የተባለውን መሣሪያ አብነት አድርገን እንውሰድ፤ ይህ ፕሮግራም የኮምፒዩተር ቋንቋ ያልተማረ ሰው እንኳ የራሱን ጨዋታ እንዲሠራ የተዘጋጀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው እትም አንዱ ፊት በየጎኑ 48 ነጥብ ብቻ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው «ኤም.ቪ.» የተባለው እትም ግን 144 ነጥብ ፈቀደለት፤ ስለዚህ ሠዓሊው የሚያዝበት ስፍራ ከ2,304 ነጥብ ወደ 20,736 ነጥብ፣ ማለት ዘጠኝ እጥፍ አደገ። በኤም.ቪ. ስምንት ፊቶች አራት አራት ሆነው በሁለት ረድፍ በአንድ ገበታ ላይ ይደረደራሉ፤ የገበታውም ወርድ 576፣ ቁመቱ 288 ነጥብ ይሆናል። ፕሮግራሙ የፊቱን ዳርቻ ፈልጎ የሚቈርጥ አይደለም፤ በየ144ቱ ነጥብ ዐይኑን ጨፍኖ ይቈርጣል፤ ስለዚህ የአንዱ ገጸ ባሕርይ ጠጕር አንዲት ነጥብ ያህል እንኳ ከወሰኑ ካለፈ፣ በጎረቤቱ ፊት ጠርዝ ላይ እንግዳ መስመር ሆኖ ይታያል። ከዚህም ሌላ፣ ፊቱ በንግግር መስኮት ሙሉ ሆኖ ሲታይ፣ በዝርዝር ገጽ ላይ ግን ቦታው ካነሰ ከላይና ከታች ሊከረከም ስለሚችል፣ ብልህ ሠዓሊ ዓይንንና አፍን ወደ መካከል ሰብስቦ፣ ዘውድን፣ ጥምጣምንና የልብስ ክሳድን ቢቈረጡ ጉዳት በማያመጡበት ዳርቻ ያኖራቸዋል።

የአሣሣሉ ሥርዓት የሚጀምረው ከጠቅላላው ቅርጽ ነው። ፊቱ በአንድ ጥቍር ቀለም ብቻ ተሞልቶ እንደ ጥላ ቢታይ፣ ከጠጕሩ አወጣጥ፣ ከራስ መሸፈኛው፣ ከጢሙ ወይም ከትከሻው ስፋት የማን መሆኑ መታወቅ አለበት፤ ጎፈሬ ያደገለት ወጣትና ሹሩባ የተሠራች ልጃገረድ ገና ዓይናቸው ሳይሣል ሊለዩ ይገባል። ቀጥሎ መጠነ ገጽ ይመጣል፤ በሰው ራስ ላይ ዓይን የሚገኘው ብዙዎች እንደሚመስላቸው ወደ ላይኛው ክፍል ተጠግቶ ሳይሆን፣ ከራስ ቅል ጫፍ እስከ አገጭ ካለው ርዝመት እኩሌታ ላይ ነው፤ የራስም ወርድ የአምስት ዓይን ርዝመት ያህል ነው ይባላል። ሠዓሊው ይህን ሕግ ካወቀ በኋላ፣ ለገጸ ባሕርዩ ጠባይ ሲል ዓይኑን ቢያሰፋ ወይም አገጩን ቢያሾል፣ ሥራው ድንቍርና ሳይሆን ሐሳብ ይሆናል።

የአመለካከት አቅጣጫም ታላቅ ኃይል አለው። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅዱሳን ሁለቱም ዓይኖቻቸው እየታዩ ሲሣሉ፣ ከሓድያንና አጋንንት ግን በአንድ ዓይን፣ በጎን ገጽ ብቻ መሣላቸው የቈየ ሥርዓት ነው፤ ይህም የጥንት ሠዓልያን የተመልካች ልብ ከዓይን ጋር እንደሚተሳሰር ጠንቅቀው እንደሚያውቁ ይመሰክራል። በጨዋታ ሥዕለ ገጽ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ራስን በጥቂቱ ወደ ጎን አዙሮ ሁለቱንም ዓይን ማሳየት ነው፤ በዚህ ዓይነት የአፍንጫው ቅርጽና የጕንጩ አጥንት ጎልተው ሲታዩ፣ ገጸ ባሕርዩም ከተጫዋቹ ጋር ፊት ለፊት መገናኘቱን አይተውም።

ስለ ኅብረ ቀለም ስንነጋገር፣ የቀድሞዎቹ መሣሪያዎች ችግር እስከ ዛሬ መምህር ሆኖ ይገኛል። ስክሪኑ 240 በ160 ነጥብ ለነበረው ለጌም ቦይ አድቫንስ እ.ኤ.አ. በ2003 በተሠራው የ«ፋየር ኤምብለም» ጨዋታ፣ አንዱ ሥዕለ ገጽ 16 የቀለም ስፍራ ብቻ ነበረው፤ ከእነዚህም አንዱ ለባዶው ስፍራ የተጠበቀ ስለ ነበር፣ ለቆዳ፣ ለጠጕር፣ ለልብስና ለጦር ዕቃ የሚዳረሰው 15 ቀለም ነበር። ሠዓልያኑ የጠጕሩን ጥላ ለቅንድብ፣ የልብሱን ጥላ ለከንፈር እያዋሱ በኖሩ ጊዜ፣ ሥዕሉ ከድህነቱ የተነሣ ውሕደትን አገኘ። የጠይምና የጥቍር ሰው ቆዳ ሲሣል ደግሞ ጥላውን በጥቍር ቀለም ማጨለም ፊቱን አመድ ያስመስለዋል፤ ጥላው ወደ ቀይ ቡና ወይም ወደ ሐምራዊ ሲያዘነብል፣ በግንባርና በአፍንጫ ላይ የሚያርፈው ብርሃንም የሰማይን ቅዝቃዜ ሲቀበል፣ ቆዳው ሕይወት ያገኛል። በካሜሩን ኪሮኦ ጌምስ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው «ኦሪዮን» የተሰኘ ጨዋታ የአፍሪቃን መልክና ልብስ በታሪኩ ማእከል ስላቆመ፣ ይህን ትምህርት ለሚሹ ሁሉ መልካም አብነት ነው።

ገጸ ባሕርይ በታሪኩ ውስጥ ስለሚደሰት፣ ስለሚቈጣና ስለሚያዝን አንድ ፊት አይበቃውም። ይሁን እንጂ ሠዓሊው ስምንት ስሜት ቢያስፈልገው ስምንት ጊዜ እንደ አዲስ አይሥልም፤ በኮምፒዩተር ላይ ሥዕሉ ሌየር በሚባሉ ተደራራቢ ንብርብሮች ስለሚሠራ፣ ራሱን፣ ጠጕሩንና ትከሻውን አንድ ጊዜ አጽንቶ፣ ቅንድብን፣ የዓይን ቆብንና አፍን ብቻ ይለዋውጣል። ከላይ የጠቀስነው የ2003ቱ «ፋየር ኤምብለም» እንዲያውም 96 በ80 ነጥብ በሆነው ፊት ላይ 32 በ16 ነጥብ የሆኑ የዓይንና የአፍ ቍራጮችን እያፈራረቀ በማሳረፍ ገጸ ባሕርዩ ዓይኑን እንዲያርገበግብና እንዲናገር ያደርግ ነበር። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚያሻው የዓይን መስመር ነው፤ በአንዱ ስሜት ዓይኑ ከሌላው ሁለት ነጥብ ዝቅ ካለ፣ ንግግሩ ሲቀጥል ፊቱ በክፈፉ ውስጥ ዘለል ዘለል ይላል፤ የተጫዋቹም ኅሊና ከታሪኩ ይናጠባል። ደግሞም ያ ጨዋታ ተናጋሪው በሌላው ጎን ሲቆም ሥዕሉን ገልብጦ ስለሚያሳይ፣ በቀኝ ጕንጭ የተሣለ ጠባሳ ወደ ግራ ይሻገራል፤ ብርሃኑም አቅጣጫውን ይለውጣል፤ ስለዚህ የጨዋታውን ጠባይ ሳያጠኑ መሣል አይገባም።

በመጨረሻ የማሳነስና የማስቀመጥ ሥራ ይቀራል። ለ144 ነጥብ የታሰበውን ፊት አራት እጥፍ አድርጎ፣ ማለት በ576 ነጥብ መሣል የተለመደ ነው፤ ሲያንስ 16 ነጥቦች ወደ አንድ ነጥብ ይጠቀለላሉ፤ ስለዚህ በትልቁ ላይ የአንድ ነጥብ ውፍረት የነበረው መስመር ኃይሉ ሩብ ብቻ ሆኖ ይደበዝዛል፤ ሠዓሊውም መስመሩን ቢያንስ የአራት ነጥብ ውፍረት ሊሰጠው ይገባል። ነጥብ በነጥብ የተሣለ ሥዕል ግን ሲያድግ በሙሉ ቍጥር፣ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ሆኖ፣ ኮምፒዩተሩ ቀለማቱን ሳያለዝባቸው መሆን አለበት፤ ያለዚያ የተመረጠው እያንዳንዱ ነጥብ ይቀልጣል። ፋይሉ በፒ.ኤን.ጂ. ቅርጸት ቢቀመጥ ቀለሙ ሳይጐድል፣ ባዶው ስፍራም ባዶ ሆኖ ይጠበቃል፤ ጄፔግ ግን መጠኑን ለመቀነስ ሲል ቀለሙን ስለሚያበላሽና ባዶ ስፍራን ስለማያውቅ ለዚህ ሥራ አይሆንም። በነጭ መደብ ላይ ተሥሎ መደቡ በኋላ የተቈረጠለት ፊትም በጠርዙ ነጭ ጭረት ይዞ ስለሚቀር፣ ከመጀመሪያው በባዶ ሌየር ላይ መሣል ይሻላል።

ይህን ሁሉ ድካም ለአንዲት ትንሽ ፊት ማፍሰስ ከንቱ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ ተጫዋቹ ከዚያች ፊት ጋር ብዙ ሰዓታትን እንደሚያሳልፍ፣ በሐዘኗ እንደሚያዝንና በእርሷ ምክንያት ክፉውን ከደጉ እንደሚመርጥ ያስተውል። ክሪታና ጊምፕን የመሰሉ የሥዕል ፕሮግራሞች ያለ ዋጋ ስለሚገኙ፣ የእናቱንና የአያቱን መልክ፣ የመንደሩን ሽማግሌና የገበያዋን ሴት በጨዋታ ዓለም ለማቆም የሚሻ የአገራችን ወጣት የሚያግደው የገንዘብ ችግር አይደለም፤ የሚያስፈልገው የሰውን ፊት በትዕግሥት መመልከትና መጠንን ማክበር ነው። እነዚህን ሁለቱን የተማረ እጅ፣ ክፈፉ 40 ነጥብም ይሁን 144፣ ሰውን በሙሉ ክብሩ ያኖርበታል።